የመጨረሻው ሐይቅ ድርሻ፦ የዛሉ ሰዎች ማኒፌስቶ

ይህን ቃል የምንጽፈው ከአፋር፣ ከአፋምቦ ነው፤ አዋሽ ከሚያበቃበት።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ባሕሩ ሊሸተው ጥቂት ሲቀረው፣ ይቆማል። ጋማሪ፣ አፋምቦ፣ አቤ በተባሉ ሐይቆች ውስጥ ራሱን ያፈሳል። ከዚያ ወዲያ የምትጠጣው ፀሐይ ናት።

ሰንፎ እንዳይመስላችሁ። ቆቃ ላይ ተርባይን ያዞራል። ወንጂና መተሐራ ላይ ሸንኮራ ያጠጣል። አሚባራ ላይ ጥጥ ያበቅላል፣ ተንዳሆ ላይ እንደገና ይገደባል። በመንገዱ ሁሉ ከተሜው በቧንቧ፣ አርብቶ አደሩ በጀሪካንና በግመሉ አፍ ይቀዳዋል። ከቀጂዎቹ አንዱም ሌባ አይባልም፤ እያንዳንዱ በቂ ምክንያት አለው። የተረፈው አፋምቦ ይደርሳል፤ ከአፋምቦ የተረፈው አቤ ይገባል። አቤም ባለፉት አሥርተ ዓመታት በእጅጉ ሸሽቶ፣ ዱሮ ውሃ የተኛበት ዳርቻ ዛሬ ነጭ ጨውና የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆኗል።

በዚህ ውሃ መጨረሻ ቆመን ራሳችንን አወቅን። እኛም ጠዋት ሞልተን እንነሣለን። ቢሮው ይቀዳል፣ መንገዱ ይቀዳል፣ ስልኩ ይቀዳል፣ ዕዳው ይቀዳል፣ ዘመድ አዝማዱ ይቀዳል። ሁሉም በቂ ምክንያት አለው። ማታ ቤታችን የሚደርሰው ግን ስንት ባልዲ ነው? ትንሿ ልጅ ደብተሯን ይዛ «አባዬ፣ ላሳይህ» ስትል የምናወጣላት ጠብታ ተርፎናል ወይ?

የዚህ ማኒፌስቶ ጥያቄ ይኸው አንድ ነው፦ ለመጨረሻው ሐይቅ ምን ደረሰ?

እኛ ማን ነን

ቀትሩ አርባ ዲግሪ አልፎ ሪፖርት የሚጠበቅብን የሰመራ ቢሮ ሠራተኞች ነን። ሌሊቱን በሁለት እግሯ ቆማ ያነጋች ተረኛ ነርስ ነን። ከጅቡቲ ጭኖ፣ ጋላፊን አልፎ፣ ሎጊያ ላይ ተሳቢውን አቁሞ ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ጎኑን የሚያሳርፍ ሹፌር ነን። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለሌሊት መንገደኛ ሻይ ስታፈላ አድራ ጠዋት ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታለብስ እናት ነን። የአንድ ክፍል ደብተር ሙሉ ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ የሚያርም መምህር ነን። ዋሽንግተን ውስጥ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ የሚሠራ፣ እሑድ ደግሞ አገር ቤት ብር የሚልክ ወንድማችሁም ነን።

ጽሕፈት ቤት የለንም። ማኅተም የለንም። ሊቀመንበርም አልመረጥንም፤ ብንመርጥ እሱም ይዝላል።

አማርኛችን ለዚህ መዛል የቆየ ቃል አለው። «ደከመኝ» ያለ ሰው ተኝቶ ይነሣል፤ «ዛልኩ» ያለ ግን ተኝቶም አይነሣም። ሳይንስ ስም ያወጣለት ዘግይቶ ነው። በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ያገለግል የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ያየውን ነገር ተቃጥሎ ማለቅ ብሎ ጻፈው። ልብ በሉ፤ የተቃጠሉት ሥራ የጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸውን ወድደው ራሳቸውን የሰጡ ነበሩ። እሳት የሚጨርሰው የነደደውን እንጨት ነው።

ከእሱ በኋላ ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ ምልክቶቹን በሦስት ከፈለቻቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመሳሳዮቹን ሦስት አስቀመጠ። በእኛ ሰፈር ሦስቱም በየቀኑ ይሰማሉ። አንደኛው «አቅሜ አለቀ» ይላል። ሁለተኛው «ምን አገባኝ» ይላል። ሦስተኛው «ብሠራ ባልሠራ ምን ለውጥ አለው» ይላል። ድርጅቱ ዝለትን ከበሽታ ጎራ አልመደበውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው አለው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሐይቁ የሸሸው በራሱ ስንፍና እንዳልሆነ፣ ከላይ ያሉት ግድቦችም መጠየቅ እንዳለባቸው ይነግረናል።

እንዴት እዚህ ደረስን

አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ አለ። በ1970ዎቹ አሚባራ አካባቢ ሲተከል ጥላ ይሆናል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ ነበር። አፋሮች «ደርጊ ሓራ» አሉት፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ከብቱ ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየሄደበት ጣለው። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ሳበ፣ እሾሁ መተላለፊያ ዘጋ፣ ሣሩን ገፍቶ የግጦሹን መሬት ወረሰ። ከሩቅ ላየው አረንጓዴ ነው፤ ልማት ይመስላል። ሣር ፍለጋ የመጣች ላም ግን እውነቱን ታውቃለች።

ሥራችንም እንዲሁ ገባብን። ጥላ እንዲሆነን ወድደን ተከልነው። መጀመሪያ «ለዚህ ወር ብቻ» ብሎ የምሳ ሰዓታችንን ያዘ። ቀጥሎ በቴሌግራም ግሩፕ ገብቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «እስከ ጠዋት ይላክ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ጁምዓውንና እሑዱን፣ ከዚያ ለቅሶ መድረሱን፣ ከዚያ ጎረቤት መጠየቁን ወረሰ። ዘሩን በየቦታው ያዞርነው ራሳችን ነን፤ አለቃችን የላከልንን መልእክት ለበታቾቻችን ስናስተላልፍ። አሁን ቀናችንን ከሩቅ ያየ ሰው «እንዴት ያለ የተሞላ ሕይወት ነው» ይላል። ውስጡ ገብቶ የሚፈልግ ግን አንድ መዳፍ ሣር አያገኝም።

እንቢ የምንላቸው

በድካም መመካትን እንቢ እንላለን። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ሩጫ ነው» ብሎ መመለስ እንደ ማዕረግ የሚቆጠርበትን ዘመን አንቀበልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አያቶቻችን ስለ ቀበቶ ብቻ አልነበረም የሚያወሩት።

ለደስታ ቀጠሮ መስጠትን እንቢ እንላለን። ቤቱ ሲያልቅ፣ ልጆቹ ሲደርሱ፣ ዲቪው ሲወጣ፣ ጡረታ ስወጣ እያልን ያስቀመጥነው ደስታ ወለድ አይወልድም። ተቀምጦ እንደ አቤ ውሃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

ደስታን ለበደል ቀለም ማድረግን እንቢ እንላለን። ፈቃድ ከልክሎ ቲሸርት የሚያድል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዞ ኬክ የሚቆርስ አሠሪ የእኛን ቃል እንዲዋስ አንፈቅድም። ደስታ የደመወዝ ምትክ ሆኖ አያውቅም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከቀዬው ያፈናቀለውን፣ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ዙሪያ ምድር ሲንቀጠቀጥ ቤቱን ጥሎ የወጣውን ሰው «ፈገግ በል» የምንል ሰዎችም አይደለንም። ለእሱ መጀመሪያ የሚገባው መጠለያና ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ጎኑ የሚቀመጥ ሰው።

ደስታ የገዢ ብቻ ነው የሚለውንም እንቢ እንላለን። ደስታን ለማግኘት መዝናኛ ስፍራ ማደር፣ ስልክ መቀየር፣ አገር መልቀቅ ግድ ከሆነ አብዛኞቻችን ሳንደሰት እንሞታለን ማለት ነው።

እምነታችን

ለማረፍ መቆም ለግለሰብ ጥንካሬ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ከአፋር ተምረናል።

ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ እጅ ይሳሳማሉ፣ ጥላ ካገኙ ከጥላው ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ዳጉ ይጀመራል። ከየት መጣህ? ዝናቡ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ፣ ማን ወለደች? መንገዱ ሰላም ነው? ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ይለያል፤ አጣሞ ያወራ ይጠየቅበታል። «ቸኩያለሁ» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ብዙ ሰው ዳጉን የዜና መንገድ ብቻ አድርጎ ያወራዋል። እኛ ሌላም ነገር አየንበት። ውሃው ሩቅ፣ ፀሐዩ ጨካኝ በሆነበት አገር ለመቸኮል ከማንም የበለጠ ምክንያት ያለው ሕዝብ መቆምን ግዴታ አደረገው። ለየሰው ፈቃድ ቢተወው ኖሮ የሚቆም እንደማይኖር ያውቃል።

የረመዳን መግሪብም ይህንኑ ያስተምራል። አዛኑ ሲሰማ ስብሰባ የሚያራዝም አለቃ የለም። አንድ ቴምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ የያዘ ሰው ያን ሰዓት ከማንም አይለምነውም፤ የእሱ ነው። በጀበና ዙሪያም እንዲሁ ነው፤ አቦሉን ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ «ምነው፣ ቶናው ሳይደርስ፣ በረካው ሳይቀዳ?» ይባላል። የዕለት ደስታ በሕይወት የቆየው በአንድ ሰው ቁርጠኝነት ላይ ባልተንጠለጠለ ቦታ ነው፤ ሰዓት በተቆረጠለት፣ ጎረቤት በሚጠብቀው ቦታ። ስለዚህ እናምናለን፦ የመጨረሻው ሐይቅ ድርሻ ከትርፍ አይሰጥም፤ ገና ከምንጩ ተለክቶ ይለቀቃል።

ደስታ ከሥራ ውጭ ብቻ የሚገኝ እንዳልሆነም እናምናለን። የአፋር ሴት ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍ ትሠራለች፤ ምንጣፉ የቤቷ ግድግዳም ጣሪያም ይሆናል። ቤቱን የምትተክለው እሷ፣ ነቅላ ግመል ላይ የምትጭነውም እሷ ናት። ሸክሟ ከእኛ ይከብዳል። ይሁንና ከምንጣፉ መሐል የቀለም መስመር ታስገባለች። ጥላ ለመስጠት ቀለም አያስፈልግም፤ ዝናብም ለመመለስ አያስፈልግም። መስመሩን የምታስገባው ሥራው የእሷ መሆኑን እጇ እንዲያውቅ ነው። በሪፖርታችን፣ በመርፌያችን፣ በመሪያችን፣ በጠመኔያችን ውስጥ ያቺ አንዲት የቀለም መስመር ጠፍታለች፤ «ምን አገባኝ» የተባለውም እሷ ስትጠፋ ነው።

ከመንገድ መታጠፍም በረከት አለው። ፍሮይደንበርገር ለዝለት ስም ባወጣበት በዚያው በ1974፣ በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ግማሽ ቀን በፀሐይ ሲፈልጉ ውለው ወደ ሰፈራቸው ሊመለሱ ነበር። በሌላ ሸለቆ በኩል እንለፍ ብለው ታጠፉ። እዚያ ወድቃ የቆየቻቸው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት ናት። ማታ ሰፈሩ በደስታ አልተኛም፤ በቴፑ ይዘፈን የነበረው የቢትልስ ዘፈን «ሉሲ» የሚለውን ስም ሰጣት። እኛ ደግሞ «ድንቅነሽ» አልናት። የሰው ልጅ ስሟን የሰጣት ሪፖርት ሲጽፍ አልነበረም፤ ሲደሰት ነው።

የምንጠይቀው

ለመሥሪያ ቤቶችና ለአሠሪዎች፦ ሕጉ እንኳ ከእናንተ ቀድሞ ዕረፍትን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ሠራተኛው ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። እኛ አዲስ ገነት አልጠየቅንም፤ የታተመው ይከበር እንላለን። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተላከ መልእክት እስከ ማግስቱ ጠዋት መልስ እንዳይጠበቅበትም እንጠይቃለን።

ለመንገዱ ባለቤቶች፦ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ በጅቡቲ መስመር ያልፋል። ለዕቃው መጋዘን ተሠርቶለታል፣ ለተሳቢው ሚዛን ተተክሎለታል። ለሹፌሩና ለረዳቱ ግን አዋሽ፣ ሚሌና ሎጊያ ላይ በነፃ የሚተኙበት ጥላ፣ የሚታጠቡበት ውሃ ይኑር። ዓይኑን በጫት ከፍቶ የሚነዳ ሰው ዕቃውን ቢያደርስ እንኳ ራሱን አላደረሰም።

ለትምህርት ቤቶች፦ ልጆቻችን ከዝለታችን በፊት ዳጉን ይማሩ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ሰማሁ እያሉ ለጓደኛቸው የሚያወጉበት ይሁን።

ለየቤታችን፦ የቤት ሥራ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ አይጫን። ባልየው በር ላይ ቁጭ ብሎ እፎይ ሲል ሚስትየው ሁለተኛ ፈረቃ ከጀመረች፣ እፎይታው ከእሷ ሐይቅ የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ በእኛ መዝገብ ደስታ ተብሎ አይጻፍም።

ቃል ኪዳናችን

1. በቀን አንድ ጊዜ እንቆማለን። ያገኘነውን ሰው ስልክ ሳንመለከት ዳጉ እንጠይቀዋለን፤ መልሱንም እስኪጨርስ እንሰማዋለን።

2. በሳምንት አንድ ቀን ቡናችንን እስከ በረካው እንጠጣለን። ጎረቤት እንጠራለን፤ የማይጠራን ጎረቤት ካለም ሳንጠራ እንሄዳለን።

3. ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልካችን ከሥራ ይወጣል። ተረኛ የሆነ ተረኛ ነው፤ ያልሆነ ግን ቤቱ ነው።

4. በየዕለቱ ሥራችን ውስጥ አንዲት የቀለም መስመር እናስገባለን። ነርሷ የአንዱን ታማሚ ስም ጠርታ ታነጋግራለች፣ መምህሩ አንድ ደብተር ላይ ከምልክት ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሹፌሩ ፀሐይ ስትጠልቅ አምስት ደቂቃ መኪናውን ያቆማል።

5. ፈቃዳችንን እንወስዳለን። የወሰደውን ባልደረባ አናማም፤ ሥራውን ተካፍለን እንሸፍንለታለን። አፋሮች ፊእማ በሚሉት የእኩዮች ማኅበር አንዱ ሲቸገር ሌላው እንደሚደርስለት፣ እኛም በየመሥሪያ ቤቱ አንዳችን ለሌላችን እንቆማለን።

6. የዛለ ሰው ስናይ «በርታ» ብለን አናልፍም። «የትኛውን ልያዝልህ?» እንላለን።

7. በጳጉሜን እንቆጥራለን። የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜንን ያለ ክፍያ የሚሠራባት ወር ብሎ ይቀልድባታል። እኛ ግን የዓመቱ የመጨረሻ ሐይቅ እንላታለን፤ ትንሽ ናት፣ ዐሥራ ሁለቱ ወራት ከቀዱ በኋላ የምትደርስ። በእሷ ቀናት እያንዳንዳችን ቁጭ ብለን እንጠይቃለን፦ ዘንድሮ ለመጨረሻው ሐይቅ ምን ደረሰ?

ራእያችን

አንድ ተራ ቀን ይታየናል። በዓል የለም፣ ባንዲራ አልተሰቀለም፤ ማክሰኞ ነው። ሰመራ ላይ ፀሐይ ሳትከር ቢሮው ተከፍቷል፤ ቀትር ላይ ተዘግቷል፤ ሰው ጥላው ውስጥ ነው። ሎጊያ ላይ ሹፌሩ ታጥቦ ተኝቷል፤ ጭነቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ አገር አልፈረሰም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ባቡሩ ባቋቋማት ከተማ ሻይ የምታፈላዋ እናት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ፊደል ታስቆጥራለች። አሳይታ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ባለ ቀለም ምንጣፏን ለመሸጥ ሳትቸኩል ትከራከራለች፤ መከራከሩም ግማሹ ጨዋታ ነው። አፋምቦ ላይ ውሃው ይደርሳል። ወፉ ይወርዳል፤ ዘንባባው ይጠጣል፤ ፍየሉ ጉልበቱ ድረስ ይገባል።

ሎጊያና ዱብቲ አካባቢ ወንዙና መንገዱ ይለያያሉ። አስፋልቱ በሰርዶ አድርጎ ወደ ጋላፊ፣ ከዚያም ወደ ወደቡ ይሮጣል። አዋሽ ወደ አሳይታ ይታጠፋል። መንገዱን አንጠላም፤ ዳቦውም መድኃኒቱም የሚመጣው በእሱ ነው። ሁላችንም ግን ሁልጊዜ መንገድ መሆን አንችልም። በቀኑ ውስጥ አንዲት የመታጠፊያ ሰዓት ትኑረን።

ወደ እኛ ለመምጣት መመዝገብ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ በሩ ላይ እንደቆማችሁ፣ ስንት ባልዲ እንደቀራችሁ ለኩ። ካነሰ፣ ነገ ጠዋት ከቀጂዎቹ ለአንዱ «ዛሬ አይሆንም» በሉት። ብዙ አንጠይቅም። ትንሿ ልጅ ደብተሯን ይዛ «አባዬ፣ ላሳይህ» ስትል፣ «ነይ፣ አሳዪኝ» ለማለት የሚበቃ ውሃ ይትረፍ።

ከአፋምቦ፣ አዋሽ ከሚያርፍበት።